ሃስኪ ወይስ ቦርደር ኮሊ? ውሻ ቤት ከማስገባታችሁ በፊት

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ደም ግፊትም አይደለም የማወራው። ስለ ውሻ ነው። "ዶክተር፣ አንተን ከውሻ ጋር ምን አገናኘህ?" እንዳትሉኝ፣ ትንሽ ታገሱኝ። ነገሩ ከአስም፣ ከስኳር ሕመምና ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ሁሉ ይያያዛል።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። ብዙ ሐበሻ ያለበት ከተማ ነው፣ አንዳንዶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለቤቷ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ሳምንት፣ አስር ቀን መንገድ ላይ ነው። እሷ ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ ከማታው 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ትሠራለች። ያኔ የባሏ እህት መጥታ ከልጆቹ ጋር ታድራለች። ልጆቹ ሁለት ናቸው። 9 ዓመት የሆነው ወንዱ አስም አለበት፤ ትንሿ ሴት ገና 3 ዓመቷ ነው።

ባለፈው እሁድ በቪዲዮ ደወለችና "አንተ ሐኪም አይደለህ? ና ፍረድ!" አለችኝ። ልጁ ሃስኪ ካልተገዛልኝ ብሎ አኩርፏል፤ ያውም ዓይኑ ሰማያዊ የሆነው። አባትየው (እኔ ጋሼ ነው የምለው) "ውሻ ማለት ቦርደር ኮሊ ነው፣ ከሰው በላይ ይገባዋል" ይላል። በዚህ ላይ እናታችን ኅዳር ላይ ልትጠይቃቸው ትሄዳለች፤ ብዙ ወር ነው የምትቆየው። እማዬ የስኳር ታማሚ ናት። ውሻ ደግሞ ከልቧ ትፈራለች።

የእንስሳት ሐኪም አለመሆኔን ከወዲሁ ልናገር። የውሻውን ጤና ለባለሙያው እተወዋለሁ። ቤት ውስጥ ስለሚኖሩት ሰዎች ግን መናገር ሥራዬ ነው። እህቴም "ጻፈው፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠራ" ብላ ፈቅዳልኛለች።

ለመሆኑ ሁለቱ ምን ዓይነት ውሾች ናቸው?

ሁለቱም መካከለኛ ቁመት ያላቸው ናቸው። ቦርደር ኮሊ በግምት ከ14 እስከ 20 ኪሎ፣ ሃስኪ ከ16 እስከ 27 ኪሎ ይመዝናል። ሁለቱም 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ይቺን ቁጥር ለእህቴ ስነግራት ዝም አለች። ልጁ 21 ዓመት ሞልቶት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ውሻው አሁንም ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። የሚያራምደውም ያኔ ማን እንደሚሆን አስቡት።

ሃስኪ ሳይቤሪያ ውስጥ ቹክቺ የሚባሉ ሕዝቦች ያረቡት፣ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ጋሪ እየጎተተ ቀኑን ሙሉ እንዲሮጥ የተሠራ ውሻ ነው። እኛ ሐኪሞች ይሄን ዝርያ የምናከብርበት ምክንያትም አለን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1925 ክረምት አላስካ ውስጥ ኖም በምትባል ትንሽ ከተማ ዲፍቴሪያ ገባ። ዘጊ አነቀ የምንለው፣ የሕፃናትን ጉሮሮ ዘግቶ የሚገድለው በሽታ ማለት ነው። መድኃኒቱ ሩቅ ነው፣ ባሕሩ በረዶ ሆኗል፣ አውሮፕላንም በዚያ ብርድ አይሞከርም። 20 የውሻ ጋሪ ነጂዎችና ወደ 150 የሚጠጉ ውሾች እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአምስት ቀን ተኩል ጨርሰው መድኃኒቱን አደረሱ። የመጨረሻውን ጉዞ የመራው ባልቶ ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሐውልት ቆሞለታል። ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የሮጠው ግን ቶጎ የሚባለው ነበር። ሁለቱም የሳይቤሪያ ሃስኪ ናቸው። (በነገራችን ላይ ያ በሽታ ዛሬ በልጆቻችሁ የ6፣ የ10 እና የ14 ሳምንት ክትባት ውስጥ አለ፤ አታስቀሩባቸው።)

እንግዲህ ይሄ ውሻ ነው ሐምሌ ላይ ሙቀቱ 38 ዲግሪ በሚያልፍበት ዳላስ፣ ትንሽ ግቢ ውስጥ የሚቀመጠው።

ቦርደር ኮሊ የመጣው ከእንግሊዝና ስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ነው፤ ስሙም ከዚያው ነው። ሥራው በግ መጠበቅ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ተክሎ እያየ መንጋ ይሰበስባል። ጋሼ "ይገባዋል" ያለው እውነቱን ነው። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ጆን ፒሊ የሚባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ያሰለጠኗት ቼዘር የምትባል ቦርደር ኮሊ ከ1,000 በላይ የመጫወቻዎችን ስም ለይታ ታመጣ ነበር። ግን ይህን ያህል እንድትደርስ እኚህ ሰው በየቀኑ ለሰዓታት፣ ለዓመታት አስተምረዋታል። ጡረታ የወጡ ምሁር ናቸው፤ የሌሊት ፈረቃ አልነበረባቸውም!

የቡቺ ነገር

ልጅ ሆኜ ደሴ እያለን ቡቺ የሚባል ውሻ ነበረን። ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ ነው ተብሎ አባቴ ከጓደኛው የተቀበለው ነው። ሲመጣ ተጫዋች ነበር፣ ግቢውን ሙሉ ቀን ይዞረዋል። "ሲታሰር ይጨክናል፣ ጥሩ ጠባቂ ይወጣዋል" ተባለና በር አጠገብ በአጭር ሰንሰለት ታሰረ። ማታ ይፈታ ነበር መጀመሪያ ላይ፤ በኋላ እሱም ቀረ። የሚያራምደው ሰው አልነበረም፣ ውሻ ይዞ መንገድ መውጣትም ያኔ ያስቃል። ቡቺ አንድ ቦታ መሽከርከር፣ የራሱን ጭራ መንከስ፣ ጥላ ሲያይ መጮህ ጀመረ። በሦስተኛ ዓመቱ የጎረቤት ልጅ ኳስ ልታነሳ ገብታ ጉንጯን ነከሳት። እኔ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ውሻው ተገደለ። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ሰፈር ስሄድ ሰላም ስንባባል ጠባሳው ከዓይኔ አይጠፋም።

ቡቺ ክፉ ሆኖ አልተፈጠረም። ጉልበት ያለው ውሻ ገዝቶ ማሰር ማለት ምን እንደሆነ ቤታችን ማንም አያውቅም ነበር። ሃስኪም ሆነ ቦርደር ኮሊ በቀን ቢያንስ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የሚያስሮጠው ሰው ይፈልጋል። ዝናብ ቢዘንብም፣ ሰው ቢደክመውም። ሃስኪ ይህን ሲያጣ አጥር ይዘላል፣ ከሥር ቆፍሮ ይወጣል፣ እንደ ጅብ ያላዝናል። ቦርደር ኮሊ ሲያጣው ራሱ ሥራ ይፈጥራል፤ መኪና ያባርራል፣ ምንጣፍ ይበጫጭቃል፣ ልጆች ይሰበስባል።

ልጆች ይሰበስባል ስል ቀልዴን አይደለም። የበግ ጠባቂ ውሾች ሮጦ የሚሄድ ነገር ሲያዩ ዞረው ይቀድሙታል፣ ተረከዙን ቆንጠር ያደርጉታል። የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ ሥራዋ መሮጥና መጮህ ነው። ውሻው ሊጎዳት አስቦ አይደለም፣ ደመ ነፍሱ ነው። ግን ቁመቷ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው። ትንንሽ ልጆች ሲነከሱ ብዙውን ጊዜ ፊትና ጭንቅላታቸው ላይ ነው፤ የሚነክሳቸውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ውሻ እንጂ የመንገድ ውሻ አይደለም። የትኛውም ዝርያ ቢሆን ትንሽ ልጅና ውሻ ያለ አዋቂ ለደቂቃም ብቻቸውን አይተዉም። ሲበላና ሲተኛ አይነካም። "የሚጮህ ውሻ አይናከስም" የምንለውን ተረት ደግሞ ለልጆቻችሁ ባትነግሩልኝ ደስ ይለኛል። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ስላጉረመረመ የሚመታ ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል።

የአስሙ ጉዳይ

እህቴን ከሁሉም በላይ ያስጨነቃት ይሄ ነው፣ እኔንም እንደዚያው። ልጁ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቷል።

ብዙ ሰው አለርጂ የሚያመጣው የውሻ ፀጉር ይመስለዋል። ዋናው ጥፋተኛ ፀጉሩ አይደለም። በውሻው ምራቅ፣ በሽንቱና ከቆዳው በሚረግፈው ፎሮፎር ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ውሻው ራሱን ሲልስ ምራቁ ፀጉሩ ላይ ይደርቃል፣ ይረግፋል፣ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ ሶፋና መጋረጃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ "አለርጂ የማያመጣ ዝርያ" እየተባለ የሚሸጠው ነገር እውነት የለውም። ፀጉሩ የማይረግፈውም ውሻ ምራቅ አለው።

ይሁን እንጂ ሃስኪና ቦርደር ኮሊ ሁለቱም ድርብ ፀጉር ያላቸው ናቸው፤ ሃስኪ በተለይ በዓመት ሁለት ጊዜ የውስጠኛውን ፀጉር በሙሉ ያራግፋል። ቤቱ ጥጥ የተነደፈበት ነው የሚመስለው። ያ ሁሉ ፀጉር ፎሮፎሩን ተሸክሞ ነው የሚዞረው።

ጋሼ በስልኩ መሃል ገብቶ "ውሻ ያለበት ቤት ያደገ ልጅ አስም አይዘውም ይባላል እኮ" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2015 የወጣ የስዊድን ትልቅ ጥናት በመጀመሪያ የሕይወት ዓመታቸው ውሻ ያለበት ቤት የነበሩ ልጆች በትምህርት ቤት ዕድሜያቸው አስም የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ግን ይሄ አስም ከመምጣቱ በፊት ስላለው ጊዜ ነው የሚናገረው። አስም ይዞት፣ ምናልባትም ለውሻ አለርጂ ሆኖ ላለ የ9 ዓመት ልጅ ውሻ መድኃኒት አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለእህቴ የነገርኳት ይሄን ነው። በመጀመሪያ አስሙ አሁን በቁጥጥር ሥር ነው ወይ? ማታ ማታ የሚያስለው ከሆነ፣ ሲሮጥ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ሰማያዊውን የሳልቡታሞል ፓፍ በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚፈልግ ከሆነ አልተቆጣጠርነውም ማለት ነው። ያ ሳይስተካከል ምንም ዓይነት እንስሳ ቤት አይገባም። ቀጥሎ የአለርጂ ምርመራ፤ በቆዳ ወይም በደም ይሠራል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ልንገራችሁ። ከውሻ አለርጂ ፕሮቲኖች አንዱ የሚመነጨው ከወንድ ውሻ ፕሮስቴት ነው። ለሱ ብቻ አለርጂ የሆነ ሰው ሴት ውሻ ላትረብሸው ትችላለች። ምርመራው ይሄን ሊለይ ስለሚችል ሐኪሙን መጠየቅ አይከፋም።

ምርመራው "አለርጂ የለበትም" ቢልም እንኳ ልጁ ያ ዓይነት ውሻ ያለበት ሰው ቤት ደጋግሞ ሄዶ ለሰዓታት ይቀመጥ፤ ፓፉ ኪሱ ውስጥ ሆኖ። አንዴ ሄዶ አቅፎ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ምንም አያሳይም። ውሻው ከገባ በኋላ መኝታ ቤት ፈጽሞ አይግባ፣ አልጋ ላይ አይውጣ። ሄፓ ፊልተር ያለው የአየር ማጣሪያ ያግዛል፣ ውሻውን ማጠብም ያግዛል፣ ግን ተአምር አይሠሩም። አለርጂው ከበረታና ውሻው ቢወጣ ደግሞ ፎሮፎሩ ከቤት ለመጥፋት ወራት ይፈጅበታል። ለዚህ ነው "ገዝተን እንየው" የሚባለው የማያዋጣው። ልጁ ከወደደው በኋላ የሚወሰድበት ውሻ ሌላ ሕመም ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ

ኢንተርን ሆኜ በምሠራበት ጊዜ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ከገጠር መጣ። አባቱ አዝሎት ነው የገባው። ውሃ ስንሰጠው ጉሮሮው ይቆለፋል፣ ጽዋውን ሲያይ ይንቀጠቀጣል። ከአምስት ሳምንት በፊት የቤታቸው ቡችላ እጁን ጫር አድርጎት ነበር። "የራሳችን ቡችላ ነው፣ ደም እንኳን ብዙ አልወጣውም" አለኝ አባትየው። የባህል መድኃኒት አድርገውለታል። በሁለተኛው ቀን አረፈ። ምልክቱ ከጀመረ በኋላ የምናደርገው ምንም ነገር አልነበረንም። አባቱን ኮሪደር ላይ ያነጋገርኩት እኔ ነበርኩ፤ ምን ብዬ እንደነገርኩት ዛሬም አላስታውስም።

በዓለም ላይ ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ ገዳይ ነው፣ ቀድሞ ከታከመ ግን ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ውሻ ከነከሳችሁ፣ ከቧጨራችሁ ወይም ቁስል ላይ ከላሳችሁ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት፣ በሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። ቡችላ ነው፣ የቤታችን ነው፣ ትንሽ ጭረት ናት የሚባል ነገር የለም። ውሻውን አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ታስሮ በባለሙያ መታየቱ ይጠቅማል። ያ ማለት ግን ክትባቱ 10 ቀን ይጠብቃል ማለት አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ዓይነት ጠፍቷል። በቴክሳስ ሕግም ውሻ 16 ሳምንት ሳይሞላው መከተብ አለበት። በሽታው ግን በሌሊት ወፍና ስከንክ በሚባለው የዱር እንስሳ ውስጥ አሁንም አለ። ሃስኪ ደግሞ ትንንሽ እንስሳ ማደን የሚወድ፣ አጥር የሚዘል ውሻ ነው። ስለዚህ "እዚህ አሜሪካ ነው" ብሎ ክትባት መዝለል የለም።

የእማዬ ጉዳይ

እማዬ ስለ ውሻው ገና አልተነገራትም። የሷ ነገር ሦስት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው እግሩ ስለሚደነዝዝ ትንሽ ቁስል ላያውቀው ይችላል፤ ውሻ ደግሞ እግር መላስ ይወዳል። በውሻ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መቋቋም ለቀነሰ ሰው ከባድ ናቸው። ስለዚህ ቤት ውስጥም ካልሲና ጫማ፣ ማታ ማታ እግርን ማየት። ሁለተኛው መውደቅ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ደስ ብሎት ሲዘልባት፣ ወይም ገመዱ እግሯ ላይ ሲጠመጠም የዳሌ አጥንት ስብራት ይመጣል። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ቀላል ነገር አይደለም። "እማዬ ታራምደዋለች፣ ለስኳሯም ጥሩ ነው" ብላ ነበር እህቴ። መራመዱ ለስኳሯ እውነትም ጥሩ ነው፤ ሃስኪ እየጎተታት ግን አይሆንም። ሦስተኛው ፍርሃቷ ነው። ውሻ ቤት ውስጥ ሲገባ ሳታይ ያደገች፣ ጠዋት ጸሎት የምታደርስ ሴት ናት። ለሷ የሚዘጋ ክፍል፣ ውሻው የማይገባበት፣ የግድ ነው።

ሐበሻ ቤት ላለ ውሻ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፤ የኛ ወጥ ደግሞ ከሽንኩርት ነው የሚጀምረው። እንጀራ ፍርፋሪ በወጥ የለም ማለት ነው። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ቡናም እንዲሁ። ለፋሲካ በግ ታርዶ ጉበቱና ሳንባው ጥሬውን ለውሻ የሚጣለው ልማድ ደግሞ ለሰው ነው የሚተርፈው። በጉ ላይ ያለው የትል ቋጠሮ ውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ባልታጠበ እጅ ወደ ሰው ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እጢ ሆኖ በአልትራሳውንድ እናገኘዋለን። ይሄ ሀገር ቤት ላላችሁም ነው።

እና የትኛው?

እህቴ "ዙሪያውን አትዙር፣ የትኛው?" አለችኝ። ለነሱ ቤት የሁለቱንም ቡችላ አልመክርም አልኳት። ቡችላ በቀን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው፣ የሚያሰለጥነው ሰው ይፈልጋል፤ እሷ ቀን የምትተኛ፣ እሱ መንገድ ላይ። የግድ ከሁለቱ አንዱ ከተባለ ሃስኪን አወጣዋለሁ። ሙቀቱ፣ የሚረግፈው ፀጉር፣ አጥር መዝለሉ፣ ሁሉም በዚያ ቤት ላይ የሚበረታ ነው። ቦርደር ኮሊ ቢሆን እንኳ ሦስት አራት ዓመት የሞላው፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ከልጆች ጋር የኖረ፣ ከተተዉ እንስሳት ማቆያ የሚወሰድ ሴት ውሻ ብትሆን ይሻላል። እሷም ትንሿ ልጅ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላት። ቦርደር ኮሊም በሙቀት ልቅ ሲጫወት "ደከመኝ" የማይል፣ እስኪወድቅ የሚሮጥ ስለሆነ በበጋ የሚወጣው ንጋት ላይና ማታ ብቻ ነው። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ነክታችሁ ካልቻላችሁት የሱም እግር አይችለውም።

ጋሼ ደስ አላለውም። ልጁም ስልኩን ነጥቆ "አጎቴ፣ አንተ ውሻ አትወድም!" አለኝ። የቡቺን ነገር አልነገርኩትም፤ ሲያድግ እነግረዋለሁ።

ለጊዜው የተስማማነው እንዲህ ነው። ለልጁ የአለርጂ ምርመራ ቀጠሮ ተይዟል። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ሲኖር የጓደኛው ቤት ያለችውን ቦርደር ኮሊ ሄዶ ያራምዳታል፤ በየጊዜው ከመሄዱ በፊትና ማታ ላይ እህቴ ትንፋሹን በፒክ ፍሎው ሜትር ለክታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ አልፏል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ትንሽ አስሎት ነበር፤ ከውሻዋ ይሁን ከሮጠው ሩጫ ገና አልለየንም።